ደህና ነሽ ይላል

ሰኞ 3

ይህ ደብተር የሽልማት ደብተር ነው። የማታውን ትምህርት ስንጨርስ ከወንዶቹ አንደኛ ስለወጣሁ ተሰጠኝ። ወንዶቹ ሁለት ነበርን። ሁለተኛው መንፈቁን ሙሉ ሲያንቀላፋ ነው የከረመው፤ ቢሆንም አንደኛ ምንጊዜም አንደኛ ነው። መምህርቷ «በየቀኑ ሁለት ሁለት መስመር ጻፉ፣ እጃችሁ እንዳይዝግ» ብላናለች። ሁለት መስመር ለእኔ ምኗ ናት? ይኸው ሳላስበው አምስት ሆነች።

ሃምሳ ሁለት ዓመት ሳላነብ ኖርኩ። እዚህ ሆስፒታል ብቻ አስራ ዘጠኝ ዓመት የበሽተኛ አልጋ ስገፋ፣ ክፍሎቹን የማውቃቸው በተጻፈባቸው ሳይሆን በበራቸው ቀለም ነበር። አንድ ጊዜ ሳይነግሩኝ በሮቹን ሁሉ ነጭ ቀቧቸውና በሽተኛ ጭኜ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባሁ። ሰውዬው ቀና ብሎ «መዝግበው ሊያስቀምጡኝ ነው እንዴ?» አለኝ።

ትምህርት ቤት ያስገባችኝ ባለቤቴ ናት። እሷ ራሷ ግን አልገባችም። «ከሁለታችን አንዳችን ካወቅን ይበቃል፤ አንተ ታነብልኛለህ፣ እኔ እሰማለሁ» አለች። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር የመጣልንን ወረቀት ሁሉ ያነበበልን ጎረቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ መጀመሪያ ለራሱ ያነብና ሳቁን ውጦ ነው ለአንተ የሚያነብልህ።

ዛሬ አለቃው ቢሮው ጠራኝ። «አሁን ታነባለህ አሉ?» አለኝ።

«ጌታዬ፣ ያውም ጣቴን ሳላስደግፍ!» አልኩት።

አልጋ መግፋት ቀረልኝ። ከረቡዕ ጀምሮ የላቦራቶሪ ደብዳቤ አከፋፋይ ነኝ። ለባለቤቴ ስነግራት እጇን ከሳሙናው ሳታወጣ እልል አለች።

ረቡዕ 5

ሥራዬ እንዲህ ነው። ኮሪደሩ ጥግ ላይ ፕሪንተር አለ። የላቦራቶሪ ልጆች ፎቅ ላይ ቁጭ ብለው በዚህ ሳምንት በገባው አዲስ ፕሮግራም ውጤቱን ይጽፋሉ፤ «አትም» የምትለዋን ይጫናሉ፤ ወረቀቱ ታች እኔ ዘንድ ይወጣል። ከእነሱ ማንም ወርዶ አያየውም። እኔ ስሙን አንብቤ ፖስታ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ባለቤቱ ሲመጣ በመስኮት እሰጠዋለሁ። በእነሱና በሕዝቡ መካከል ያለሁት ሰው እኔ ነኝ።

የሥራ ጎረቤቴ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ናት። መነፅሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነፅሯን ስትፈልግ ነው የምትውለው፤ እትዬ መነፅር እንላታለን። በድሮው ፕሮግራም የምትጽፈው የቀጠሮ ካርድም በዚሁ ፕሪንተር ነው የሚወጣው። እኔን ፕሮፌሰር ማለት ጀምራለች። ለቀልድ ነው ይላሉ። ይሁን፤ ለቀልድም ቢሆን ማዕረግ ማዕረግ ነው።

ዓርብ 7

ዛሬ ሦስት እንግዳ ወረቀት ወጣ።

ላይኛው ላይ የሰውየው ስም ልቅም ብሎ ተጽፏል። ከስሙ በታች ያለው ግን ሌላ ነው። ትንንሽ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው የጥያቄ ምልክት፤ ከዚያ ባርኔጣ የደፋ፣ ጭራ ያበቀለ ነገር፤ ደግሞ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን። ገለበጥኩት። አቀናሁት። ወደ መብራቱ አስጠጋሁት። አላውቀውም።

በትምህርቱ መካከል ወገቤን አሞኝ ሁለት ሳምንት ቀርቼ ነበር። ያን ጊዜ ያስተማሩት መሆን አለበት። የሐኪም ጽሕፈት ሲሉ የምሰማውም ይሄው ይሆናል።

እትዬ መነፅር በአጠገቤ ስታልፍ «ምነው ፕሮፌሰር፣ ደርቀህ ቀረህ?» አለችኝ።

«እየመረመርኩት ነው።»

«እስቲ ልየው?»

«የበሽተኛ ምስጢር ነው» ብዬ ፖስታው ውስጥ ከተትኩት።

ስሙ ይነበባል። እኔ የተቀጠርኩት ደግሞ ለስሙ ነው።

ማክሰኞ 11

ባለቤቴ ብብቷ ስር እብጠት አላት። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስጠይቃት «ቆየት ብላለች» ብቻ ትላለች፤ ስለ እንግዳ የምታወራ ነው የሚመስለው። ዛሬ በግድ ይዣት መጣሁ። ሐኪሙ በመርፌ ናሙና ወሰደላት። «ውጤቱ በሳምንት ውስጥ በደብዳቤ ይደርሳችኋል» አለን።

«በማን በኩል እንደሚደርስ ታውቃለህ ዶክተር?» አልኩት። «በእኔ በኩል!»

ሳቀ። እሷም ክንዷን ይዛ ሳቀች። ወደ ቤት ስንመለስ «ከእንግዲህ ለጎረቤት አንወስድም» አለች፤ ቆየት ብላም «ተመስገን» አለች።

ከሰዓት በኋላ ከሃያው ደብዳቤ ሰባቱ ሳጥናም ሆኖ ወጣ። አንዲት እናት መስኮቱ ላይ ከፍታ «ይሄ ምን ይላል ወንድሜ?» አለችኝ። «ለሐኪሙ የተጻፈ ነው እናቴ፤ በቀጠሮሽ ቀን ይዘሽው ነይ» አልኳት። መርቃኝ ሄደች። ምን ልበል ታዲያ? ገና በአንድ ሳምንቴ አላውቀውም ልበል? አልጋውን መልሰው ይሰጡኛል።

ቅዳሜ 15

የተማርኩበትን መጽሐፍ ከሽፋን እስከ ሽፋን አገላበጥኩ። ሳጥን የለም። ባርኔጣ የደፋ ፊደልም የለም።

ከአንዱ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ብጣሽ ወረቀት ላይ በእጄ ገልብጬ፣ የማን እንደሆነ አያስታውቅም ብዬ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። መምህርቷ ሰሌዳ ትጠርጋለች። «ምነው፣ ምን ረስተው ነው?» አለችኝ።

«ሰላም ልልሽ ብዬ።»

አዲሶቹን ተማሪዎች ዞራ «እዩዋቸው! እነዚህ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ነው፤ ዛሬ የሆስፒታል ደብዳቤ የሚያድሉት እሳቸው ናቸው!» አለቻቸው። ተነስተው አጨበጨቡልኝ። እኔም ልማዴ ነውና ሁለት ሦስት ምክር ጣል አደረግሁላቸው። «ዋናው ድፍረት ነው» አልኳቸው።

ብጣሿ ኪሴ ውስጥ ነበረች። እዚያው ኪሴ ውስጥ እንዳለች ይዣት ተመለስኩ።

ረቡዕ 19

ከምሳ በኋላ የባለቤቴ ደብዳቤ ወጣ።

ስሟን አነበብኩት። ሠላሳ ዓመት የጠራሁት ስም በማሽን ሲጻፍ እንዲህ ነው ለካ። የአባቷም ስም አለ፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጃቸውን ሲሰጡኝ «ይህ ሰውዬ አፉ ብቻ እንዳይሆን» ብለው ነበር። ከስሟ በታች ግን ገጹ እስከ ታች ድረስ ሳጥን ነው። አንዲት የማውቃት ፊደል አጣሁ።

እትዬ መነፅርን ልጠይቃት ተነሳሁ። ሁለት ሰዎች ፊቷ ቆመው ነበር። «አቤት ፕሮፌሰር» አለችኝ። «ምንም፤ ሰዓቱን ልጠይቅሽ ብዬ» አልኳት። ሰዓቱ ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ተዘጋጅታለች። ወንበሩን ብርሃን ባለበት፣ መስኮቱ ስር አስቀምጣልኛለች። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ በደንብ እንድትሰማ ሻርፗን ከጆሮዋ ላይ አውርዳለች። ታናሽ እህቷም መጥታለች። «ጋሼ፣ ጮክ አድርገህ እንጂ፣ ለራስህ እንዳታደርገው!» አለችኝ። ባለቤቴ «ዝም በይ፣ ተረጋግቶ ያንብብ» አለቻት።

ወረቀቱን ዘረጋሁት። ሁለቱም አፌን ያያሉ። እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ፣ የትምህርት ቤት ልጅ መስላ።

«ደህና ነሽ ይላል» አልኩ።

«እንዲያ ብቻ?»

«ብዙ ነው የሚለው። ሲጠቃለል ግን ደህና ነሽ ነው።»

«እስቲ ሙሉውን በለኝ።»

«ናሙናው ታይቷል። ክፉ ነገር አልተገኘበትም። እብጠቱ በራሱ ጊዜ ይሟሽሻል። በርቺ።»

ሐኪም ደብዳቤ ላይ በርቺ ብሎ እንደማይጽፍ አሁን፣ ይህን ስጽፍ ነው የመጣልኝ። እነሱ ግን ልብ አላሉትም። እህቷ ተነስታ አቀፈቻት። ባለቤቴ ወረቀቱን ተቀበለችኝና አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

እንደ ውሸት አልቆጠርኩትም። ደህና አይደለሽም የሚል ቃልም አላየሁበትም።

ሐሙስ 20

ደክሞኛል። ዛሬ አልጽፍም።

ሰኞ 24

ሐኪሙን በዘዴ ልጠይቀው ክፍሉ ሄድኩ። ለሥልጠና ሄዷል፤ ከወር በላይ ይቆያል አሉኝ። መመለስ ነው እንግዲህ። ስመለስ እግሬ ቀለለኝ፤ ለምን እንደቀለለኝ አላውቅም።

ከቤታችን ጀርባ ሴቶቹ ልብስ ሲያጥቡ የባለቤቴን ድምፅ ሰማሁ። «እሱ ራሱ ነው ያነበበልኝ። ማንም ሳይረዳው! እንዴት ብሎ እንደሚያነብ ብታዩት፣ ቶሎ ቶሎ፣ ውሃ በሉት።» አንዷ «ታድለሻል» አለቻት። ግድግዳውን ተደግፌ ሰማሁ። ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ብሎኛል።

ሐሙስ 4፣ አዲስ ወር

ባለቤቴ ልብስ ስታሰጣ ግራ እጇ አልነሳላት አለ። ገመዱን ዝቅ አድርጌ አሰርኩላት። «እርጅና ይሆናል» አልኩ።

«ስንፍና ነው» አለች። «ወረቀቱ ደህና ነሽ ብሎኝ የለ? ደህና የሆነ ሰው በቀን ይተኛል?» ከዚያ በራሷ ተናድዳ ባልዲውን በዚያችው እጅ አነሳችው።

አስቀምጪው አልኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ለምን እንደሆነማ እኔስ ምን አውቄ።

ሐሙስ 11

ዛሬ አስራ አንድ ሳጥናም። ሁሉንም ሰጠሁ። ሲጠይቁኝ የምመልሰው እንደ ዳዊት ደጋሚ ወጣልኝ፦ ለሐኪሙ ነው፣ በቀጠሮ ቀን። ባለቤቴ እራት አልበላችም። ትናንትም።

ማክሰኞ 16

ጠዋት ሜትሩን አንገቱ ላይ የጣለ ልብስ ሰፊ መስኮቱን በጡጫ መታው።

«ይሄን የሰጠኝ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ይላል?»

«የሐኪም ጽሕፈት ነው፤ በቀጠሮህ ቀን…»

«የምን የሐኪም ጽሕፈት ነው! ሐኪም ሳጥን ይሥላል? ዓይኔን መርፌ ጨረሰው እንጂ ጋዜጣ ሳነብ ያደግኩ ሰው ነኝ። ይሄ የማንም ጽሕፈት አይደለም!»

እትዬ መነፅር ወጣች። መነፅሯን ከግንባሯ አውርዳ አየችው። «ውይ! ይሄማ ተበላሽቶ የወጣ ነው። አንተ፣ ስትሰጥ አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ» አልኩ።  

ከዚያ ፕሪንተሩ ላይ ዘመቱበት። አጥፍተው አበሩት። የቀለሙን ቶነር አውጥተው እንደ ዕጣ ሳጥን ነቅንቀው መለሱት። አዲስ ወረቀት ሞሉበት። ገመዱን ነቅለው ሰኩት። እትዬ መነፅር በመዳፏ ጎኑን መታችው። ፎቅ ደውለው አንድ ደብዳቤ አስላኩ፤ ሳጥን ወጣ። እሷ የቀጠሮ ካርድ አተመች፤ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ለእኔ እኮ ደህና ነው!» አለች። «ላቦራቶሪን ነው የጠላው ማለት ነው።»

ሰው ሳቀ። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ልብስ ሰፊው ያለው አንድ ነገር ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው። የማንም ጽሕፈት አይደለም።

ረቡዕ 17

የኮምፒውተር ጠጋኙ መጣ። ሁልጊዜ አንገቱ ላይ ገመድ ስለሚጠመጥም ገመድ ነው የምንለው። በመጀመሪያ የራሱን የፕሪንተሩን የመፈተሻ ገጽ አወጣ፤ ንጹሕ ነው። ከሌላ ፕሮግራም አተመ፤ ንጹሕ። ከአዲሱ ፕሮግራም በቀጥታ አተመ፤ ሳጥን። ፎቅ ወጣ፣ ወረደ። እኔን አጠገቡ አስቀምጦ የእትዬ መነፅርን ኮምፒውተር ወደ እኔ አዞረው።

«ይኸው ጋሼ፣ እዚህ ላይ ጽሑፉ ደህና ነው አይደል? የሚበላሸው መንገድ ላይ ነው። ይሄ ፕሮግራም በቀጥታ ሲያትም የፊደሉን መልክ አይልክም። የፊደሉን ቁጥርና የፎንቱን፣ የፊደሉን ዓይነት ማለት ነው፣ ስም ብቻ ልኮ፣ አንተ ጋ ካለው አውጥተህ ደርድር ይለዋል። ፕሪንተሩ ጋ ደግሞ ያ ፎንት የለም።»

«ታዲያ የለኝም አይልም?»

«አይልም። ያለውን አንስቶ ቦታውን ይሞላል። ሥራውን የጨረሰ ነው የሚመስለው።»

«ስሙስ? ስሙ ደህና ነው የሚወጣው።»

«ስሙ የተጻፈው በሌላ ፎንት ነው። ያኛው አለው። ደህና የወጡት ደብዳቤዎችም በዚያኛው የተጻፉት ናቸው።»

ደብዳቤውን መጀመሪያ ፒዲኤፍ አድርጎ አስቀመጠውና ከዚያ አተመው። ጥርት ብሎ ወጣ፤ ፒዲኤፉ ፊደሉን ከነመልኩ ቋጥሮ ይይዛል አለኝ። ቀጥሎ የፕሪንተሩን ድራይቨር፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ማለት ነው፣ በአዲስ ቀየረው። ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ «ፊደሉን እንደ ሥዕል ላክ» የምትል ቦታ ላይ ምልክት አደረገ። ከፕሮግራሙ በቀጥታ አተመ። ንጹሕ።

«አለቀ» አለ እጁን እያራገፈ። «አንዲት ምልክት ናት። የመጀመሪያው ቀን ቢነገረኝ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።»

«ያ የድሮው ግን… የተማረ ሰው ያነበው ነበር?»

«ጋሼ ደግሞ! የጻፈው ሰው ራሱ አያነበውም። ምን ይነበባል?»

ወደ ሽንት ቤት ሄጄ ፊቴን ታጠብኩ።

የተበላሹት ሁሉ እንደገና ታተሙ። አርባ ሦስት። አንድ በአንድ ስማቸውን እያየሁ ፖስታ ውስጥ ከተትኳቸው። የባለቤቴ አስራ ሰባተኛው ነው። ከስሟ በታች አላየሁም። አጥፌ የውስጥ ኪሴ ከተትኩት።

ዓርብ 19

አለቃው አምስት ቀን ሰጠኝ፤ አርባ ሁለቱን ደብዳቤ ቤት ለቤት በሁለት ቀን ጨረስኩት። የአስራ ዘጠኝ ዓመት አልጋ ገፊ እግር ነው፣ ቀልድ አይደለም። ፎቅ፣ ምድር ቤት፣ ውሻ ያለበት ግቢ፣ ደወሉ የማይሠራ በር። ልብስ ሰፊው ፊቴ ላይ ቆሞ አነበበና «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ነው» አለ። ያቺ እናት መረቀችኝ። ልጇ ደብዳቤውን እያነበበ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፤ እሷ ግን ገና እየመረቀችኝ ነበር።

አለቃው «አንበሳ» አለኝ።

የቀረው አንዱ ኪሴ ውስጥ ነው።

እሑድ 21

አላነበብኩትም። ቀኑን ሙሉ ተኝታ ዋለች። ነገ።

ሰኞ 22

ከሆስፒታሉ ጀርባ አንሶላ የሚሰጣበት ቦታ ሄጄ፣ አንሶላዎቹ መካከል ቆሜ አነበብኩት።

አንድም ቃል አልተሳሳትኩም። ጣቴንም አላስደገፍኩም። የተወሰደው ናሙና ካንሰር መሆኑን ያሳያል ይላል። በአስር ቀን ውስጥ ሳይዘገዩ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንዲመጡ ይላል። የተጻፈበት ቀን ያ ረቡዕ ነው። ቆጠርኩት። ሠላሳ ሦስት ቀን። ሌላ ነገር የቆጠርኩ እንደሆነ ብዬ ደግሜ ቆጠርኩት።

ቤት ስገባ ነቅታለች። እህቷ ፀጉሯን ታበጥርላታለች። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አልወሰድኩትም። ቆሜ ነገርኳት። ያ ወረቀት የማይነበብ ነበር አልኳት፣ ማሽኑ አበላሽቶት ነበር፣ ለሁሉም ሰው ነው የተበላሸው፣ ለእኔ ብቻ አይደለም፣ ጠጋኙን መጠየቅ ትችያለሽ። ከዚያ እውነተኛውን አነበብኩላት። እህቷ ማበጠሪያውን ይዛ ደርቃ ቀረች።

 ባለቤቴ ደረቷ ውስጥ እጇን ከታ የቀድሞውን ወረቀት አወጣች። እስከ ዛሬ እዚያው ነበር፤ በላብ ለስልሷል። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛ አየቻቸው። ለእሷ ሁለቱም አንድ ናቸው።

«ያን ቀን አላወቅሁትም ብትለኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

«ስትጠብቂ አየሁሽ።»

«እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት ከማያነብ ሰው ጋር ኖሬአለሁ። አንድ ቀን ብትጨምርልኝ ምን እሆን ነበር?»

 

ረቡዕ 24

ቀዶ ሕክምና ክፍል። ምርመራ፣ ፎቶ፣ ደም፣ ሌላ ፎቶ። ጠብቁ አሉ። እህቷ ጋሼ ማለቷን ትታለች። «ይሄን ያዝ» ትላለች፣ «ወዲያ በል» ትላለች። አልጋዋን የገፋው በእኔ ቦታ የገባው አዲሱ ልጅ ነው። ማዞሪያው ላይ ከግድግዳው ጋር አላተማት። ቀስ በል አልኩት፤ አጠገቡ ሄጄ እኔ ገፋኋት። ዓይኗን ጨፍና «አንተ ነህ?» አለች። «እኔ ነኝ» አልኳት። ዓይኗን አልገለጠችም።

ማክሰኞ 7፣ ሦስተኛው ወር

ውጤቱ በደብዳቤ ወጣ። በእኔው ፕሪንተር፣ ጥርት ብሎ። እትዬ መነፅር ከእጄ ልትቀበለኝ መጣች፤ «ተይኝ፣ ላንብበው» አልኳት። ዛሬ ፕሮፌሰር አላለችኝም።

ቤት ስወስድላት ባለቤቴ «አንብበው» አለችኝ። ሳንባዋ ላይ ደርሷል፤ ቀዶ ሕክምና አይረዳትም፤ ከእንግዲህ ሕመሙን ማስታገስ ነው። መካከሉ ላይ አንዲት ረጅም ቃል አለች። ሦስት ጊዜ ሞከርኳት። «ይህችን አላወቅኋትም» አልኩ። «ሄጄ ልጠይቅ።»

«ጠይቅ» አለች።

ሆስፒታል ሄጄ ነርሷን ጠየቅሁ፣ ነገረችኝ፣ ተመልሼ ነገርኳት። ቃሏን ባላውቃት ይሻል ነበር።

ሐሙስ 9

ሐኪሙ ከሥልጠናው ተመልሷል። ባለቤቴ ጠዋት አስጠርታኝ «ሂድና ጠይቅልኝ» አለችኝ። «በጊዜው ብመጣ ኖሮ ያው ነበር ወይ በለው። የሚልህን እንዳለ አምጣልኝ። አትቀንስለት፣ አትጨምርለት።»

ሄድኩ። በሩ ላይ ስሙን አነበብኩና አንኳኳሁ። ሁሉንም ነገርኩት፤ የወረቀቱንም፣ የእኔንም። 

«ወደ ኋላ ሄዶ ማወቅ አይቻልም» አለኝ። «ያን ጊዜ በአንድ ቦታ ነበር። ቢወጣላት ኖሮ ዕድል ነበራት። በእርግጥ ትድን ነበር አልልህም። ያው ነበር ብዬ ግን ልዋሽህ አልችልም።»

ወደ ቤት ስመለስ ሦስት መልስ ሠራሁ። አንደኛው፦ ያው ነበር አለ። ሁለተኛው፦ ሐኪሙን አላገኘሁትም። ሦስተኛው፦ የሐኪም ነገር፣ አልገባኝም። ሦስቱንም ለራሴ ተናገርኳቸው። ሦስቱም አፌ ላይ ያምራሉ። ወሬ አሳማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሲያምርልኝ ነው የኖርኩት።

ገብቼ አልጋዋ አጠገብ ቆምኩ። ሐኪሙ ያለውን እንዳለው ነገርኳት። «ዕድል ነበራት» የምትለውን ሁለት ጊዜ ነገርኳት።

«ምን ያህል ዕድል?» አለች።

«አላውቅም። አልጠየቅኩትም።»

«እሺ» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቅዳሜ 11

ሁለት ቀን ሆነ አላነጋገረችኝም። ከእህቷ ጋር ታወራለች፤ ስለ ትራሱ፣ ስለ መድኃኒቱ ሰዓት፣ ልጅ ሆነው ስለኖሩበት ቤት። እኔ ስገባ ትተዋለች። ቀልድ አላወራሁም። ሁለት ጊዜ መጥቶብኝ ዋጥኩት።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ እህቷ የመድኃኒቱን ብልቃጥ አስቀምጣ ዞረችብኝ። «ውጣ እስቲ ከፊቷ! ምን ቀረህ? ሌላ የምታነብላት አለ? ውጣልን!»

ልክ ናት። ተነሳሁ። ጫማዬን አደረግሁና በሩን ከፈትኩ።

ከአልጋው ላይ፣ ፊቷን ከግድግዳው ሳታዞር፣ «ተዪው» አለች ባለቤቴ። «ይቀመጥ።»

ተቀመጥኩ።